የሕክምና መግቢያ ፈተና፦ ኬሚስትሪው አልገፋ አለኝ፣ ከየት ልጀምር?

ሰኞ ገበያ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያለሁት። በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሕክምና ለሚያስተምረው ፕሮግራም የመግቢያ ፈተና ልቀመጥ ሁለት ወር ገደማ ቀርቶኛል። ባዮሎጂው አያሰጋኝም፣ እንግሊዝኛውም ይሄዳል። ኬሚስትሪው ግን አልገፋ አለኝ። ማስታወሻ ሳነብ ሁሉም ይገባኛል፤ ጥያቄው ሲመጣ እጄ ይታሰራል።

ለይቼ ልንገራችሁ፦ ሊሚቲንግ ሪኤጀንት (ቀድሞ የሚያልቀውን መለየት)፣ ያለ ካልኩሌተር ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያውን፣ ማውጣት (ካልኩሌተር ይዞ መግባት አይቻልም ተብለናል)፣ ቡፈር (አሲድ ወይም ቤዝ ሲጨመርበት ፒኤቹ ብዙ የማይለወጥ ድብልቅ)፣ ከዚያ ደግሞ አኖድና ካቶድ። አኖድን አንዱ መጽሐፍ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ ይለዋል፤ የቱን ልያዝ?

አንድ ጥያቄ ልጻፍላችሁ። «5.4 ግራም አሉሚኒየም ከ14.2 ግራም ክሎሪን ጋዝ ጋር ቢገናኝ ስንት ግራም አሉሚኒየም ክሎራይድ ይገኛል?» እኔ 26.7 ግራም አገኘሁ፤ ከምርጫዎቹም ውስጥ አለ። የመልስ ቁልፉ ግን 17.8 ይላል። ቁልፉ ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ?

ተረኛ የምሆንበት ቀን ስላለ በአማካይ በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አላገኝም። ከየት ልጀምር? የቱንስ ልተወው?

ቦርከና

ቁልፉ ልክ ነው። 26.7 ደግሞ እንዲያው የገባ ቁጥር አይደለም፤ ጥያቄውን ያወጣው ሰው የት ላይ እንደሚሳቱ አውቆ ነው ያስቀመጠው። ወደዚያ ቁጥር የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በግራም ያነሰውን አይቶ «አሉሚኒየም ቀድሞ ያልቃል» ማለት ነው። ሁለተኛው የክሎሪንን ሞላር ማስ (የአንድ ሞል ክብደት በግራም) 35.5 ብሎ መያዝ ነው። ክሎሪን ጋዝ ሁለት አቶም ተጣምሮ ስለሚገኝ 71 ነው። በ35.5 ካካፈልሽው 0.4 ሞል ይሆንና ክሎሪኑ የተትረፈረፈ ይመስልሻል። ሁለቱም መንገድ ያው 26.7 ላይ ይጥላል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል፦

1. ኢኩዌሽኑን ባላንስ አድርጊ። 2 አሉሚኒየም + 3 ክሎሪን → 2 አሉሚኒየም ክሎራይድ።
2. ግራሙን ወደ ሞል ቀይሪ። 5.4 ÷ 27 = 0.2 ሞል አሉሚኒየም። 14.2 ÷ 71 = 0.2 ሞል ክሎሪን።
3. እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እኩል ናቸው» ብሎ ይቆማል። አትቁሚ፤ እያንዳንዱን ባላንስ በተደረገው ኢኩዌሽን ላይ ከፊቱ ላለው ቁጥር አካፍይ። አሉሚኒየም 0.2 ÷ 2 = 0.1። ክሎሪን 0.2 ÷ 3 = 0.067። ያነሰው ክሎሪን ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።
4. ከዚህ በኋላ አሉሚኒየሙን እርሺው። 3 ሞል ክሎሪን 2 ሞል ምርት ከሰጠ፣ 0.2 ሞል ክሎሪን 0.133 ሞል ይሰጣል። በ133.5 ስታባዢው 17.8 ግራም።

ሦስተኛው ላይ ያገኘሽው 0.067 ለማወዳደሪያ ብቻ ነው። እሱኑ በቀጥታ በ133.5 አባዝቶ 8.9 ግራም የሚል ሞልቷል፤ 8.9ም ብዙ ጊዜ ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይቀመጣል።

አሁን ደግሞ ሳትሠሪ ስህተቱን የምትይዥበትን ልንገርሽ። የገባው ጠቅላላ ክብደት 5.4 + 14.2 = 19.6 ግራም ነው። ከ19.6 ግራም 26.7 ግራም ሊወጣ አይችልም! ይህን ብቻ በማየት ምርጫው ይወድቃል። ትክክለኛውንም ፈትሺው፦ ምላሽ ያላገኘው አሉሚኒየም 0.067 ሞል፣ ማለትም 1.8 ግራም ነው። 17.8 + 1.8 = 19.6። ገጠመ።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከሞል። እንደ ካሪኩለሙ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ታገኚዋለሽ፤ «ዲግሪ ይዤ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ?» አትበይ። ከዚያ ወደ ሶሉሽን፣ አሲድና ቤዝ፣ ኢኩሊብሪየም፣ ኤሌክትሮኬሚስትሪ። ኦርጋኒኩ በመጨረሻ ይምጣ። እና ቁጥር ስትጽፊ ብቻውን አትጻፊው፦ «0.2» ሳይሆን «0.2 ሞል ክሎሪን»። እጅ የሚታሰረው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ላይ የተበተኑት ቁጥሮች የምን እንደሆኑ ስለሚጠፋ ነው።

ጦሳ ግርጌ

ሊሚቲንጉን ቦርከና ጨርሶታል፣ እኔ ፒኤቹን ልያዝ።

ካልኩሌተር ከሌለ የምትሸመድጂው ሦስት ቁጥር ነው፦ ሎግ 2 = 0.30፣ ሎግ 3 = 0.48፣ ሎግ 7 = 0.85። ሌላው ከእነዚህ ይወጣል። 4 ሁለት ጊዜ ሁለት ስለሆነ 0.60። 5 አሥር ሲካፈል ለሁለት ስለሆነ 1 − 0.30 = 0.70። 6 ሁለት ጊዜ ሦስት ስለሆነ 0.78። 8 ደግሞ 0.90፣ 9 ደግሞ 0.96።

የሃይድሮጅን አዮን መጠን 3 × 10⁻⁴ ሞል በሊትር ከሆነ ፒኤቹ፣ ማለትም ሲቀነስ ሎጉ፣ 4 − 0.48 = 3.52 ነው። ስህተቱ የሚመጣው 4.48 ወይም 3.48 ሲባል ነው። 4.48ን በምን ታውቂዋለሽ? 3 × 10⁻⁴ ከ10⁻⁴ ስለሚበልጥ አሲድነቱ ከፒኤች 4 ይጠነክራል፤ ስለዚህ መልሱ ከ4 በታች መሆን አለበት። መጀመሪያ በየትና በየት መካከል እንደሚወድቅ ወስኚ፣ ሎጉ ከዚያ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ምርጫው ሎግ ሳይነካ ያልቃል።

ደካማ አሲድ ሲሆን፦ 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ፣ ኬኤው (የአሲዱ የመበተን ኮንስታንት) 1.8 × 10⁻⁵። ሎግ 1.8 ማለት ሎግ 18 ሲቀነስ 1 ነው፤ 18 ደግሞ 2 ጊዜ 9፣ ስለዚህ 0.30 + 0.96 − 1 = 0.26። ፒኬኤ (የኬኤው ሲቀነስ ሎግ) 5 − 0.26 = 4.74 ሆነ። የደካማ አሲድ ፒኤች የፒኬኤና የ«ሲቀነስ ሎግ ኮንሰንትሬሽን» ድምር ግማሽ ነው። የ0.1 ሲቀነስ ሎግ 1 ስለሆነ (4.74 + 1) ÷ 2 = 2.87።

ወጥመዶቹ ሁለት ናቸው። እንደ ጠንካራ አሲድ ቆጥሮ ፒኤች 1 ማለት፣ ወይም ስኩዌር ሩቱን ረስቶ 5.74 ማለት። ይህ የግማሽ አቋራጭ የሚሠራው ደግሞ ከአሲዱ ከመቶ 5 እጅ በታች ሲበተን ነው። እዚህ 1.3 እጅ ብቻ ስለሆነ ችግር የለም። አሲዱ በጣም የቀጠነ ወይም ኬኤው ትልቅ ሲሆን ግን አቋራጩ ይዋሻል።

ቤዝ ሲሆን መጀመሪያ ፒኦኤች (የሃይድሮክሳይድ መጠን ሲቀነስ ሎግ) አውጥተሽ ከ14 ቀንሺ (25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ)። 0.01 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 12 ይሰጣል። 0.01 ሞላር ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ግን 12 አይደለም፤ ሁለት ሃይድሮክሳይድ ስለሚለቅ 0.02 ይሆናል፣ ፒኦኤች 1.70፣ ፒኤች 12.30።

አንድ የተለመደች ተንኮል ልጨምር፦ 10⁻⁸ ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች ስንት ነው? 8 ያለ ወድቋል። አሲድ ውሃ ውስጥ ጨምረሽ ቤዝ አይሆንም። ውሃው ራሱ 10⁻⁷ ስላለው መልሱ ከ7 ትንሽ ዝቅ ይላል፣ 6.98 ገደማ።

ሰኞ ገበያ (ጠያቂ)

አላህ ይስጣችሁ፣ የ26.7ቱ ነገር እስካሁን ማንም አላስረዳኝም ነበር። ቡፈር ላይ አሲድ ሲጨመር ከየትኛው ቀንሼ ወደ የትኛው እንደምደምር ነው የሚጠፋብኝ። ፎርሙላውንማ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ሙጋድ ላብ

አብሽሪ፣ ይህ ላንቺ ከሌላው ሰው ይቀላል። ቡፈርን ዋርድ ውስጥ ታውቂዋለሽ፣ በዚህ ስም አልጠራሽውም እንጂ።

መጀመሪያ ተራውን እንሥራ። 1 ሊትር ውስጥ 0.1 ሞል አሴቲክ አሲድና 0.2 ሞል ሶዲየም አሴቴት አለ። ፒኤች = ፒኬኤ + ሎግ (ቤዝ ÷ አሲድ) = 4.74 + ሎግ 2 = 5.04። አሁን 0.05 ሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨመርሽ። የገባው ጠንካራ አሲድ የሚበላው ተቃራኒውን ነው፣ ማለትም ቤዙን። ቤዙ 0.2 − 0.05 = 0.15 ይሆናል። የተበላው ቤዝ ወደ አሲድ ስለሚለወጥ አሲዱ 0.1 + 0.05 = 0.15። እኩል ሆኑ፣ ሎግ 1 ዜሮ ነው፣ ፒኤች 4.74። ከ5.04 ወደ 4.74 ብቻ ነው የወረደው። ያንኑ 0.05 ሞል 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ ብትጨምሪው ኖሮ ከ7 ወደ 1.3 ይወርድ ነበር።

ጥያቄው 0.25 ሞል ጨመርን ቢል ግን ፎርሙላውን አትንኪው። ቤዙ 0.2 ብቻ ነበር፤ አልቆ 0.05 ሞል ጠንካራ አሲድ ተረፈ፣ ቡፈሩ ፈረሰ። ፒኤቹን ከተረፈው ታወጪያለሽ፣ 1.3። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ቅነሳው ነው፤ ፎርሙላው ሁለተኛ ነው። ፎርሙላውን በቃሉ የሚያውቅ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው፣ ቅነሳውን ዘሎ ቁጥሮቹን በቀጥታ ይከታል።

አሁን ደሙን እንይ። የባይካርቦኔት መደበኛው መጠን በሊትር 24 ሚሊሞል ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ በ0.03 ሲባዛ 1.2፤ ይህ ደም ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም የአሲዱ ወገን ነው። ሬሾው 24 ÷ 1.2 = 20። ሎግ 20 = 1.30። ፒኬኤው 6.1፣ ድምሩ 7.4። በየቀኑ የምታይው 7.4 ከዚህ ነው የሚመጣው። ስኳር በሽተኛ ኬቶአሲዶሲስ (ደም ውስጥ አሲድ መብዛት) ውስጥ ገብቶ ባይካርቦኔቱ 12 ቢደርስና ትንፋሹ ባይለወጥ ሬሾው 10፣ ፒኤቹ 7.1 ይሆን ነበር። በረጅሙና በፍጥነት የሚተነፍሰው የታችኛውን 1.2 ለመቀነስ ነው፣ ሬሾው ወደ 20 እንዲጠጋ።

ሶሉሽንም እንደዚሁ። ኖርማል ሳላይን 0.9 ከመቶ ማለት 100 ሚሊ ውስጥ 0.9 ግራም፣ ሊትር ውስጥ 9 ግራም። 9 ÷ 58.5 = 0.154 ሞላር። ጨው ለሁለት ስለሚበተን 308 ሚሊኦስሞል በሊትር ይሰጣል። 5 ከመቶ ግሉኮስ ደግሞ በሊትር 50 ግራም ነው፤ 50 ÷ 180 = 0.278 ሞላር፣ ግሉኮስ ስለማይበተን እዚያው 278 ላይ ይቆያል። «የቱ ቦይሊንግ ፖይንቱ ከፍ ይላል፣ የቱስ ፍሪዚንግ ፖይንቱ ዝቅ ይላል?» ሲሉሽ የሚጠይቁሽ ይህንኑ ነው፦ የተበተነው ቅንጣት ቁጥር። 40 ከመቶ የሆነው የ20 ሚሊ ግሉኮስ ውስጥ ስንት ሞል አለ? 8 ግራም ÷ 180፣ 0.044 ሞል። ስትሰጪው በሐሳብሽ አስልተሽ ልመጂበት።

ሐይቅ ዳር

ልጄ፣ የወጣቶቹ ምክር ጥሩ ነው። ቦርከና ያለው ቅደም ተከተል ላይ ግን አልስማማም። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ያላት ሰው ከ9ኛ ክፍል ጀምራ ምዕራፍ በምዕራፍ ብትወጣ ፈተናው መንገድ ላይ ያገኛታል። አንቺ ሶሉሽንና ቡፈር በእጅሽ ስላለ ከዚያ ጀምሪ፤ ሞሉን እዚያው ውስጥ ትለማመጂዋለሽ።

ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። የመጀመሪያው ኢኩሊብሪየም ነው። ጥያቄ አውጪ ይወደዋል፣ ምክንያቱም ሒሳብ የለውም፣ ግን ሸምዳጁን ይለያል። የአሞኒያን ምርት ውሰጂ፦ 1 ናይትሮጅንና 3 ሃይድሮጅን 2 አሞኒያ ይሰጣሉ፣ ሙቀት ያወጣል። ግፊት ሲጨመር ጋዝ ወዳነሰበት፣ ከ4 ሞል ወደ 2 ሞል፣ ወደ አሞኒያ ይሄዳል። ሙቀት ሲጨመር ወደ ኋላ ይመለሳል። ካታሊስት ቶሎ ያደርሳል እንጂ የትም አያንቀሳቅሰውም። እስከዚህ ሁሉም ያውቀዋል። ጥያቄው የሚመጣው እንዲህ ሆኖ ነው፦ «መጠኑ በማይለወጥ ዕቃ ውስጥ ሂሊየም ቢጨመር?» ጠቅላላ ግፊቱ ጨመረ ብሎ ወደ አሞኒያ የሚል ተሳሳተ። የናይትሮጅንም የሃይድሮጅንም የየራሳቸው ግፊት አልተለወጠም፣ ስለዚህ ምንም አይሆንም። እና የኢኩሊብሪየም ኮንስታንቱን የሚለውጠው ሙቀት ብቻ ነው፤ ግፊት ሚዛኑን ያንቀሳቅሳል፣ ኮንስታንቱን አይነካም።

ሁለተኛው የጋዝ ሕግ። አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ነው የሚሉት በ0 ዲግሪና በ1 አትሞስፌር ብቻ ነው። ጥያቄው «በክፍል ሙቀት» ካለ 22.4 አይሠራም። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቱ 0.74 አትሞስፌር አካባቢ ነው። በ20 ዲግሪ፣ ማለትም በ293 ኬልቪን፣ አንድ ሞል ጋዝ 0.082 × 293 ÷ 0.74፣ ወደ 32 ሊትር ተኩል ይይዛል። ሙቀቱን ወደ ኬልቪን ሳይቀይሩ 20 ብሎ መክተት ዋናው ስህተት ነው፤ እንዲያ ያደረገ 2.2 ሊትር ያገኛል።

በዚያው ግፊት ምክንያት ውሃ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ባቄላ ከኮምቦልቻ ይልቅ ደሴ የሚዘገየው ለዚህ ነው። እሳት ቢጨመርበት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለ ቬፐር ፕሬዠር የሚጠይቁሽ ይህችኑ ነው፦ ፈሳሽ የሚፈላው የራሱ የትነት ግፊት ከውጪው ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው።

ቦርከና

መምህር፣ በአክብሮት እከራከራለሁ። ምዕራፍ በምዕራፍ አላልኩም። የሞሉ ክፍል በእሷ ሰዓት ከሳምንት ከምናምን አያልፍም። በሁለት ወር ውስጥ ወደ 90 ሰዓት አላት፦ ሞልና ሶሉሽን 20፣ አሲድና ቤዝ 20፣ ኢኩሊብሪየምና ኪነቲክስ 12፣ ኤሌክትሮኬሚስትሪ 12፣ ኦርጋኒክ 12፣ የቀረው ለአሮጌ ፈተና። ይዘቱ 11ኛና 12ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ አለ፣ ሌላ ሞጁል መሰብሰብ አያስፈልግም። ባላንስ ማድረግ ያልለመደ እጅ ይዞ ቡፈር መግባት ግን ያው መታሰር ነው።

ሐይቅ ዳር

በሳምንት ካለቀማ ምን ከፋኝ። ካላለቀ ግን አትጠብቂው፣ እለፊው።

ቧንቧ ውሃ

የት እንደሚጠፋ ሳይታወቅ ስለ ቅደም ተከተል መከራከር ጥቅም የለውም። አንድ ደብተር ያዢ። የተሳሳትሽውን ጥያቄ ሁሉ ከሦስት በአንዱ ስር ጻፊ፦ «ሐሳቡን አላውቀውም»፣ «ስሌት ሳትኩ»፣ «የተጠየቀውን አላነበብኩም»። ሠላሳ አርባ ጥያቄ ሲሞላ ቁጠሪ። ሁለተኛው ከበዛ ንባብ አቁሚና ኤክስፖነንትና ሎግ ተለማመጂ። ሦስተኛው ከበዛ ዩኒቱን አስምሪበት፤ «በሚሊሊትር» ተጠይቆ በሊትር የሚመልስ፣ «ያልሆነው የቱ ነው» ተብሎ የሆነውን የሚመርጥ ስንት አለ። መጀመሪያው ከበዛ ብቻ ነው ወደ መጽሐፍ የሚመለሱት።

ሌላው፣ የተሠራ መልስ ማንበብ ልምምድ አይደለም። «ሳነብ ይገባኛል» ያልሽው እሱ ነው የሚያሳስትሽ። መልሱን አይተሽ ከገባሽ በኋላ ዝጊው፣ ከሁለት ቀን በኋላ በባዶ ወረቀት እንደገና ሥሪው። ያኔ ካልወጣ አልገባሽም ነበር ማለት ነው። አሮጌ ፈተና ስትሠሪ ደግሞ በሰዓት ያዢ። ጥያቄው በአንድ ደቂቃ ውስጥ መንገዱ ካልታየሽ ምልክት አድርገሽ እለፊ፣ በመጨረሻ ትመለሺበታለሽ። ስህተት ነጥብ ይቀንስ እንደሆነ ከፈተናው መመሪያ ላይ አረጋግጪ፤ የማይቀንስ ከሆነ ባዶ የሚተው ጥያቄ የለም።

ኦርጋኒክ ላይ ሪአክሽን ሜካኒዝም ውስጥ አትግቢ። ፈንክሽናል ግሩፕ መለየት፣ ስያሜና አይሶመር (ፎርሙላቸው አንድ፣ የአቶሞቻቸው አቀማመጥ የተለያየ) ይብቃሽ። ስያሜ ላይ የሚወድቁበት ይህ ነው፦ «2-ኢታይልፕሮፔን» የሚባል ትክክለኛ ስም የለም። ሥዕሉን ሣዪው፣ ረጅሙን ሰንሰለት በጣትሽ ቁጠሪ፣ ቀጥ ብሎ የተሣለውን ሳይሆን ዞሮም የሚሄደውን። አራት ካርቦን ታገኚያለሽ፣ ስሙ 2-ሜታይልቡቴን ነው። የአይሶመር ቁጥር ደግሞ ቡቴን 2፣ ፔንቴን 3፣ ሄክሴን 5፤ ይህን መሸምደድ ይሻላል።

ሰኞ ገበያ (ጠያቂ)

ጋሼ ሐይቅ ዳር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። የሂሊየሙን ጥያቄ አሁን ብትጠይቁኝ ኖሮ እኔም «ወደ አሞኒያ» ነበር የምለው። አኖዱ ነው የቀረኝ።

ሐይቅ ዳር

አኖድና ኦክሲዴሽን ሁለቱም በ«አ» ቤት ይጀምራሉ፤ አኖድ ላይ ሁልጊዜ ኦክሲዴሽን ነው፣ ካቶድ ላይ ሁልጊዜ ሪዳክሽን። ይህ በባትሪም በኤሌክትሮሊሲስም አይለወጥም። የሚለወጠው ምልክቱ ብቻ ነው፣ ሁለቱ መጽሐፎችሽም አልተጣሉም፣ ስለተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። በባትሪ ውስጥ ዚንኩ በራሱ ኤሌክትሮን ስለሚለቅ ኤሌክትሮኑ እዚያ ይከማቻል፣ አኖዱ ኔጋቲቭ ሆነ። በኤሌክትሮሊሲስ ግን የውጪው ምንጭ ነው ኤሌክትሮኑን ከአኖዱ የሚስበው፣ ስለዚህ አኖዱ ከምንጩ ፖዘቲቭ ጋር የተያያዘው ነው። ጥያቄው ላይ «ባትሪ» ወይም «ምንጭ ተያይዟል» የሚለውን ሳታዪ ምልክት አትምረጪ።

የሚጠየቀው ሒሳብ ከፋራዴይ ሕግ (በፈሰሰው ኤሌክትሪክ ስንት ብረት እንደሚለጠፍ ማስላት) አያልፍም። 2 አምፔር ለ965 ሰከንድ ቢፈስ 1,930 ኩሎም ነው። በ96,500 (የአንድ ሞል ኤሌክትሮን ኩሎም) ስታካፍይው 0.02 ሞል ኤሌክትሮን። መዳብ ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚፈልግ 0.01 ሞል፣ 0.635 ግራም ይለጠፋል። ብር አንድ ብቻ ስለሚፈልግ 0.02 ሞል፣ 2.16 ግራም። ደቂቃ ከተሰጠሽ ወደ ሰከንድ መቀየር አትርሺ።

ሰኞ ገበያ (ጠያቂ)

ሞከርኩት። የዚንክና የብር ሴል፦ ሪዳክሽን ፖቴንሻላቸው በቮልት ዚንክ ሲቀነስ 0.76፣ ብር ሲደመር 0.80። ብሩ ባላንስ ለማድረግ በ2 ስለሚባዛ 1.60 + 0.76 = 2.36 ቮልት አልኩ። ምርጫው ውስጥም አለ። አሁንስ ተጠንቅቄ ነው የምጠይቀው፣ ይህም ያው እንደ 26.7 ነው?

ጦሳ ግርጌ

ያው ነው። ኢኩዌሽኑን በ2 ታባዢዋለሽ፣ ቮልቱን አታባዢውም። ቮልት ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ድርሻ የሚደርሰው ኃይል ነው፤ የብሩ ብዛት ሲጨምር የሚያልፈው ኤሌክትሮን ይበዛል እንጂ የእያንዳንዱ ድርሻ አይጨምርም። ካቶድ ሲቀነስ አኖድ፦ 0.80 − (−0.76) = 1.56 ቮልት። ኤሌክትሮን ቆጥረሽ የምታባዢው የጊብስ ኃይል (ሴሉ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ሥራ) ስትጠየቂ ብቻ ነው፦ 2 × 96,500 × 1.56፣ ወደ 301 ኪሎጁል፣ ምልክቱ ኔጋቲቭ። ቀጥሎ ዚንኩን በመዳብ ቀይረሽ ከብሩ ጋር ሥሪው፤ መዳብ ሲደመር 0.34 ነው። 0.46 ካልወጣ እዚሁ ጻፊልን።